የወለተሥላሴ ተራ

ኮምባይነሩ ጠባቧን የመንደር መንገድ ሞልቶ እየተንገጫገጨ ሲመጣ ወለተሥላሴ ከፊቱ ትሮጥ ነበር። በአንድ እጇ ነጠላዋን ሰብስባ፣ በሌላው የሰው ዶሮና የሰው ጥጃ እያባረረች፣ «ወዲህ! በዚህ በኩል!» ትላለች። ማሽኑ የሚሄደው በእግረኛ ፍጥነት ስለነበር መሮጥ አያስፈልጋትም፤ ግን ከማለዳ ጀምሮ አርፋ መቆም አልሆነላትም። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷንም ያማታል። የዚያን ቀን ማመሙን ረስታዋለች።

ከላይ መሪውን የያዘው ፊሊጶስ ሳቁ አመለጠው። «ማዘር፣ ማሳው አይጠፋኝም! ብቻ ጎማ ስር እንዳይገቡብኝ!»

«አንተ ዝም ብለህ ንዳ! ሳነቴን አላየኸውም?»

አይቶታል። ያላየ አልነበረም። ጠዋት ከሮቤና ከጎባ ማዶ ተራራው ጥርት ብሎ ይታይ ነበር፤ አራት ሰዓት ላይ ራሱ ላይ ነጭ ነገር ጠመጠመ፤ አሁን በሰባት ሰዓት ተራራ የሚባል ነገር የለም። ወሩ ታኅሣሥ ነው፣ ዝናብ የሚታሰብበት አይደለም። የባሌ ገበሬ ግን ሳነቴ በቀን ሲጠፋ በሦስት ሰዓት ውስጥ ምን እንደሚመጣ ለማወቅ ሬዲዮ አይከፍትም።

ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ነበር። ሰው አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ በክርን የሚሳለምበት፣ በሮቤ በየሱቁ ደጃፍ የውኃ በርሜልና ሳሙና የተቀመጠበት ዓመት። መለዋወጫ በወረርሽኙ ሰበብ አልገባ ብሎ፣ ከአርሲ ይመጡ ከነበሩት ኮምባይነሮች ግማሹ በየጋራዡ ቆሞ ቀርቷል። በገሰራ መንገድ ላይ ላለችው ለዚህች መንደር የደረሳት አንድ ማሽን ብቻ ነው። አሥራ አንድ ገበሬ ዕጣ ተጣጣለ። ለወለተሥላሴ ሦስተኛ ደረሳት። ለጎረቤቷ ለሳላሕዲን አሥራ አንደኛ፣ ጭራው።

ደንብም ወጥቶ ነበር። ተራውን ለሌላ የለቀቀ ሰው ወደ ጭራ ይሄዳል፤ ለምን፣ እንዴት የለም። ካቻምና ተራ ሲቸበቸብ ስለታየ ነው። ይህን ደንብ ስብሰባ ላይ ተነስታ ያቀረበችው፣ ተከራክራም ያስጸደቀችው ወለተሥላሴ ራሷ ናት። አጨብጭበውላት ነበር።

ለእሷ ይህ ተራ ከማንም ይበልጥ ነፍስ ነው። የሌላው ስንዴ ዝናብ ቢመታው ይጠቁራል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ያም ቢሆን ተፈጭቶ ይበላል። የእሷ ሁለት ሄክታር ግን የዘር ስንዴ ነው። የደረሰ ዛላ ሁለት ሦስት ቀን ከራሰ ፍሬው እዚያው አናቱ ላይ ያቆጠቁጣል፤ ያቆጠቆጠ ደግሞ ዘር አይሆንም። ባለፈው ዓመት በማሳዋ ባዕድ ዘር ተገኝቶ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ከአሥር ቀን በፊት የጥራት ባለሙያዋ ሠርከአዲስ ማሳውን ዳር እስከ ዳር ረግጣ፣ «ዘንድሮ ንጹሕ ነው እትዬ፤ ሳይረጥብ ከገባ አልፈዋል። ከወደቀ ግን ስሙ ከዘር አባዢዎች ዝርዝር ይወጣል» ብላታለች። ስሙ የባሏ የጎሹ ስም ነው። ጎሹ ከሞተ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆኖታል፤ በዝርዝሩ ላይ ግን አሁንም እሱ ነው የሚጠራው፣ እሷም እንዲቀየር ጠይቃ አታውቅም። ያ ስም ሲሰረዝ ሁለተኛ የምትቀብረው ይመስላት ነበር።

ማሳው ዳር ሲደርሱ ሃምሳ አለቃ በእውቀቱ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ቆሟል። ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ የተራ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሲሆን ደግሞ ጡረታ መውጣቱን የረሳ ነው የሚመስለው። «ሦስተኛ፣ ወይዘሮ ወለተሥላሴ!» ብሎ ጮኾ ጠራ፣ ፊቱ የቆመችው እሷ ብቻ ብትሆንም።

«አቤት፣ አለሁ።»

ፊሊጶስ ማጭጃውን ዝቅ ሊያደርግ እጁን ወደ ማንሻው ሰደደ። በዚህ ጊዜ ነው ወለተሥላሴ ማየት የማትፈልገውን ያየችው። ከድንበሩ ድንጋይ ማዶ ሳላሕዲን ብቻውን ጎንበስ ብሎ በማጭድ ያጭዳል።

ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ማሳ ነው፣ የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ። ሳላሕዲን ሚስቱን ሰሚራን ጎባ ሆስፒታል አስተኝቶ አሥር ቀን አልጋዋ ሥር ተኝቷል። ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ትገባለች። ዛሬ ሳነቴ ሲጠቁር አይቶ፣ እሷን ለአጠገቧ በሽተኛ አስታማሚ አደራ ብሎ፣ በባጃጅ መጥቷል። ባጃጁ በአሥር ሰዓት ተመልሶ ይወስደዋል፤ የሆስፒታሉ በር በአሥራ ሁለት ለአስታማሚ ይዘጋል። በሦስት ሰዓት ውስጥ አንድ ሰው በማጭድ ያን ሁሉ ስንዴ እንደማይጨርስ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ያም ሆኖ ቀና አይልም።

«ምን ሆነሻል?» አላት በእውቀቱ። «ይግባ እንጂ!»

«ይግባ» አለች። ዓይኗ ግን ከዚያ ማሳ አልተነሳም።

ሰሚራ ስትታመም መዋጮ ተጀመረ ሲባል መጀመሪያ የሰጠችው ወለተሥላሴ ናት። በመንደሩ እጀ ሰፊ ማን ነው ቢባል ማንም አያወላዳም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ሲታደስ፣ ቤት የተቃጠለበት ሲመጣ፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳትል ጎተራዋን ትከፍታለች። ለሳላሕዲንም ሰጥታለች። ያልሰጠችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱንም ንስሐ አባቷ ያውቁታል።

ነገሩ በድንበር ተጀመረ። ከሦስት ዓመት በፊት መሬት ሲለካ ሳላሕዲን፣ «ከድንጋዩ ወዲህ ያለው አሥራ ሁለት እርምጃ የአባቴ ነው» ብሎ ማለ፤ ሽማግሌም ፈረደለት። ጎሹ ከዚያ በኋላ ስለ ድንበሩ አንድ ቃል ሳይናገር ሞተ። ወለተሥላሴ በንዴት የሞተ መስሏታል። እሱ በሞተ በአምስተኛው ወር ደግሞ ለሳላሕዲን በተፈረደለት በዚያው ቁራሽ ላይ የበቀለውን ስንዴ አየች። ሲደርስ ዛላው ቀላ የሚል፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን የሚሰብር፤ ገና ለገበሬ ያልተሠራጨ፣ ከጎሹ ጎተራ በቀር በመንደሩ ማንም እጅ የሌለ ዘር። ከሁለት ሺህ ዛላ መካከል አንድ ባዕድ ለይታ የምትነቅል ሴት አትሳሳትም። ሰርቋል አለች። ለማንም አልተናገረችም፣ አልከሰሰችም። ይህን ዝም ማለቷንም እንደ ምጽዋት ትቆጥረው ነበር።

«አልከሰስኩትም እኮ፣ አባቴ» ብላቸዋለች አባ ወልደአማኑኤልን፣ በጾሙ መግቢያ ንስሐ ስትገባ።

«አልከሰስሽውም፤ ፈርደሽበታል ግን። ወለተሥላሴ፣ ከጎተራሽ የማይወጣ ነገር የለም፣ ጎተራሽን ይባርከው። እግዚአብሔር ግን የጎተራ ብቻ ጌታ ነው እንዴ? የቀረውን ቤትሽን ለማን ቆልፈሽ ነው?»

ተቀይማቸው ነበር የወጣችው። እስከ ዛሬም አልለቀቃትም።

«አዴ!» የሚል፣ በኦሮምኛ እትዬ እንደ ማለት ያለ ድምፅ ከኋላዋ መጣ። ነኢማ ናት፣ የሳላሕዲን የመጀመሪያ ልጅ። ጊኒር ነው የተዳረችው፤ እናቷ ስትተኛ ታናናሾቿን ልትይዝ ከአራስ ልጇ ጋር መጥታለች። ሕፃን ይዞ ሆስፒታል መግባት በዚያ ጊዜ ክልክል ስለሆነ እናቷን በስልክ ነው የምታስታምማት። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል፤ እሷ እየሮጠች በመምጣቷ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«አዴ ወለተሥላሴ፣ ልለምንዎት ነው የመጣሁት። አባቴ አያውቅም፣ ቢያውቅ ይቆጣኛል። የኛ እኮ ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጅበት። ግማሽ ሰዓት ብቻ።»

ወለተሥላሴ አንድ እርምጃ ወደ ነኢማ ተጠጋች። አፏ ግን የለመደውን መለሰ። «ልጄ፣ ሁለት ኩንታል ከቤቴ እሰጣችኋለሁ። ሦስትም ይሁን። ዛሬውኑ ጋሪ ጭኖ ያምጣላችሁ።»

ነኢማ ራሷን ነቀነቀች። «አላህ ይስጥልኝ። የርስዎ ስንዴ ለኛ እንግዳ አይደለም፣ በልተነዋል። እኔ የመጣሁት ለዚያ አይደለም። እናቴ በየቀኑ ትደውላለች። ‹ስንዴው ገባ?› ነው የምትለኝ። ነገ ጠዋት ሊቀዷት ነው። ደውላ ‹ገባ?› ስትለኝ ምን ልበላት?»

በእውቀቱ ደብተሩን ከፈተ። «ልጄ፣ ደንቡን እሷው ናት ያወጣችው። ከለቀቀች ከአሥራ አንደኛው ቀጥሎ ነው የምትጻፈው። ነገ ማታ እንኳ አይደርሳትም። ያኔ ደግሞ...» ወደ ሳነቴ በአገጩ አሳየ።

«አውቃለሁ፣ ሃምሳ አለቃ» አለች ወለተሥላሴ። «አይንገሩኝ።»

ፊሊጶስ ከላይ ጮኸ። «ማዘር! ሞተሩ በባዶ ናፍጣ እየበላ ነው!»

ወለተሥላሴ ስንዴዋን አየች። ነፋሱ ሲመጣ እንደ አንድ ሰው ጎንበስ አለ። ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚያስፈልጋት፤ ደመናው ሦስት ይሰጣል። ማንም አይወቅሳትም፤ እምቢ ብትልም ማታ ጎተራዋን ከፍታ ሦስት ኩንታል ስትልክ መንደሩ «ወይ ደግነት!» ይላል። ይህን ስታስብ አፈረች። ከልቧ አፈረች። የምትሰጠው ሁሉ ሳትነካ የምትተርፍበት ነበር። ለዚህ ሰው፣ ለዚህ ሌባ፣ አንድም ቀን የሚያማት ነገር ሰጥታው አታውቅም።

«ጌታዬ» አለች በሹክሹክታ፣ «ደግሞ ይሄንን ነው የምትፈልገው?»

ከዚያ እጇን አንስታ ለፊሊጶስ የድንበሩን ድንጋይ አሳየችው። «ወዲያ ማዶ! ወደ ሳላሕዲን ማሳ ግባ!»

«ምን?»

«ደንቆሮ ነህ እንዴ? ግባ ብያለሁ!»

በእውቀቱ እስኪርቢቶውን ከደብተሩ ላይ አነሳ። «ወለተሥላሴ፣ አስቢበት። ከጻፍኩ አልፍቅም።»

«ይጻፉ።»

ጻፈ። አራተኛ ተራ የነበረው ሂካ ከዳር ሆኖ ይህን ሲያይ፣ ቀጥሎ የእሱ መሆኑ ገብቶት፣ ደስታውን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ። ነኢማ የወለተሥላሴን እጅ ያዘች፤ ክርን መነካካቱን ሁለቱም ረስተውታል። «ገለቶሚ፣ አዴ» ብላ በቋንቋዋ አመሰገነቻት፣ «ገለቶሚ»፣ እንባዋም ወረደ።

ኮምባይነሩ ድንጋዩን ዞሮ ሲገባ ሳላሕዲን ማጭዱን እንደያዘ ቀጥ አለ። መጀመሪያ ማሽኑን፣ ቀጥሎ ልጁን፣ ከዚያ ወለተሥላሴን አየ። ልጁን በኦሮምኛ ተቆጣት፣ እሷም መለሰችለት። ከዚያ ድንበሩን ተሻግሮ መጣ። ረጅም ሰው ነው፤ አሥር ቀን በሆስፒታል ወለል ላይ መተኛት አጉብጦታል። ማስኩ አገጩ ሥር ተንጠልጥሏል።

«ይሄ አይሆንም» አላት። «ያንቺ ዘር ነው፤ ያልቅብሻል። አስወጪው።»

«ገብቷል እኮ። ተጽፏልም።»

«አዴ ወለተሥላሴ፣ ወላሂ እኔ አልጠየቅኩሽም።»

«አልጠየቅከኝም» አለች። «እሱ ነው ያናደደኝ። ብትጠይቀኝ እምቢ እልህ ነበር።»

ኮምባይነሩ የመጀመሪያውን ዙር ጨርሶ ተመለሰ። ከማዶ ያለው ሰማይ ጠቁሯል፤ ነፋሱም ቀዝቅዟል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ቀዩ ዛላ ወደ ማጭጃው ሲወድቅ አዩ። ተራውን ከሰጠች በኋላ እንኳ ሌባ የሚለው ቃል ውስጧ እንደተቀመጠ ነው፤ ካልወጣ ደግሞ የሰጠችው ሁሉ ግማሽ መሆኑ ታወቃት።

«ሳላሕዲን፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ይሄን ስንዴ አውቀዋለሁ።»

«ታውቂዋለሽ እንጂ።»

«የጎሹ ዘር ነው። ካየሁበት ቀን ጀምሮ በልቤ ሌባ ብዬሃለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ። ከሰው ፊት ዝም አልኩ እንጂ ከልቤ አልማርኩህም። ዛሬ ግን ይቅር ብዬሃለሁ። ይኸው ነው።»

ሳላሕዲን ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ሌባ እንዳልሽኝ አውቅ ነበር» አለ። «ሰላም ስትይኝ ፊቴን ሳይሆን ስንዴዬን ነበር የምታዪው። ግን አዴ፣ አልሰረቅኩም። ጎሹ ነው የሰጠኝ።»

«ማን?»

«ጎሹ። ሊሞት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ካቻምና ሐምሌ። ቤቴ መጣ። በአህያ አንድ ኩንታል ጭኖ፣ ከራሱ ድርሻ። ‹ድንበሩ ያንተ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ሽማግሌ ፊት ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ› አለኝ። ‹በቁራሹ ላይ ይሄን ዝራበት፣ እርቃችን ይሁን› አለ። አለቀስን፣ ሁለታችንም። ሰሚራ ታውቃለች።»

ወለተሥላሴን ጉልበቷን ያኔ ያማት ጀመር። የድንበሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«‹ለወለተሥላሴ እኔ ራሴ እነግራታለሁ፤ እስከዚያ ባንተ ዘንድ ይቆይ› ብሎ ነዋ። አማና ነው፣ አደራ። ከዚያ ሞተ። የሞተ ሰው ያስቆለፈኝን እንዴት ብዬ ልክፈት? ባልሽ አፌ አልታዘዘኝም አለ ብዬ ለሐዘንተኛ ልናገር? ዛሬም ይቅር ብዬሃለሁ ባትዪኝ ኖሮ አልናገርም ነበር።»

ይቅር የምትለው ሰው የላትም። ጎሹ በንዴት የሞተ መስሏት የእሱን ቂም አደራ ብላ ስትጠብቅ ነበር፤ እሱ ግን ቂሙን በአህያ ጭኖ ድንበር አሻግሮ ጨርሶታል። ባልየው የሰጠውን ሚስትየዋ አንድ ዓመት ሙሉ በልቧ ስትነጥቅ ኖራለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተችና አለቀሰች፤ ለጎሹ ከተቀበረ ጀምሮ እንደዚያ አላለቀሰችለትም።

«እንግዲያው አንተ ነህ ይቅር የምትለኝ» አለች በመጨረሻ።

«አፉ ብያለሁ። ተነሺ፣ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል።»

ኮምባይነሩ የሳላሕዲንን ማሳ ጨርሶ ፍሬውን ሸራ ላይ ሲያራግፍ ስምንት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር። ፊሊጶስ ከላይ ሆኖ አንዴ ሁለቱን፣ አንዴ ቆሞ የቀረውን ሁለት ሄክታር አየ። «ማዘር፣ አሁንስ?» አላት፤ በእውቀቱ ግን ደብተሩን ዘግቶ ወደ ሂካ ማሳ ጠቆመው። ሂካ ወለተሥላሴን እንዳያያት ወደ መሬት እያየ ከማሽኑ ፊት መንገድ ጀመረ። እሷም አልለመነችውም።

ዝናቡ የተባለውን ሦስት ሰዓት አልጠበቀም። የሂካ ማሳ ላይ ሁለተኛው ዙር ሳያልቅ ከሳነቴ በኩል ግራጫ ነገር ሜዳውን እየጠረገ መጣ። «ሮብኒ ዱፌ! ዝናብ መጣ!» እያለ ሰው ከየማሳው ወደ ቤቱ ሮጠ። መጀመሪያ በረዶ ተበተነ፣ ከዚያ ዝናቡ ተከተለ፤ ያ ደግሞ ተስፋ የሚሰጥ ዓይነት አልነበረም፣ ለቀናት የሚያድር ነው። ወለተሥላሴ ስንዴዋ ሲጠቁርና ሲከብድ፣ አንገቱን ሲደፋ አየችው። አልተጽናናችም። የሃያ ዓመት የዘር ልፋት፣ የጎሹም ስም አብሮ ይረጥባል።

ከማዶ ሳላሕዲን ሸራውን በእህሉ ላይ ገልብጦ በጆንያ ይሞላል፤ ነኢማ ሕፃኑን ቤት አስገብታ የጆንያውን አፍ ትይዝለታለች። የተራገፈው ከአሥራ አምስት ጆንያ በላይ ነው፣ ቤቱም ሩቅ ነው። በዚህ መሐል ባጃጁ ጭቃ እየረጨ መጣ። አሥር ሰዓት አልሆነም፤ ሾፌሩ መንገዱ እንዳይበላሽ ፈርቶ ቀደም ብሏል። «ኦቦ ሳላሕዲን፣ አሁን ካልወጣን አንወጣም!»

ሳላሕዲን ጆንያውን በትከሻው እንደያዘ ቆመ። ወደ ባጃጁ አየ፣ ወደ እህሉ አየ። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ሆነ።

ወለተሥላሴ ድንበሩን ተሻገረች። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ያን አሥራ ሁለት እርምጃ ረገጠችው። «እህልህን አስገባ» አለችው። «ሰሚራ ጋ እኔ ነኝ የምሄደው።»

«ያንቺስ? ማሳሽ?»

«ቆሜ ባየው አይደርቅም።»

«ነገ ቀዶ ጥገና ነው... ሌሊቱን ወለል ላይ ነው የሚተኛው።»

«ሁለቱን ልጆቼን ስወልድ እጄን ይዛ ያደረችው ማን ነበረች? አሁን አታድርቀኝ።» ባጃጁ ውስጥ ገብታ እርጥብ ነጠላዋን ሰበሰበች። «ማስክህን ስጠኝ፣ ያለዚያ በር ላይ ይመልሱኛል።»

ሳላሕዲን ማስኩን አውልቆ በሁለት እጁ ሰጣት። «አዴ ወለተሥላሴ፣ ከዚህ እህል ግማሹ ለብቻው ይቀመጣል። በንጹሕ ጆንያ፣ አፉ ታስሮ። ባለሙያዋ በዝርዝር ትጻፈው አትጻፈው አላውቅም። ዘሩ ግን ደርቆ ገብቷል።»

እሷ አንገቷን ነቀነቀች። ባጃጁ ሲዞር በመስኮቱ ፕላስቲክ ሁለቱን ማሳዎች አየች፣ አንደኛው ታጭዶ፣ አንደኛው ቆሞ። ከዝናቡ የተነሳ ድንጋዩ የት ላይ እንደነበረ አልለይ አላት።

ጎባ ሲደርሱ በሩ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ይቀረው ነበር። ዘበኛው እጇን አስታጥቦ፣ ግንባሯን በሙቀት መለኪያው ተኩሶ አሳለፋት። ሰሚራ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ዝናቡን እያየች ተኝታለች፤ ከስታለች፣ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ማስክ ያደረገችውን ሴት መጀመሪያ አላወቀቻትም። ስታውቃት ልትነሳ ሞከረች።

«ወለቴ? አንቺ ነሽ? ሳላሕዲን ምን ሆነ?»

«ምንም። እህል እያስገባ ነው። ተኚ።»

ሰሚራ እጇን አጥብቃ ያዘች፣ መስኮቱን አየች፣ እሷን አየች። ይህ ሁሉ ዝናብ የወለተሥላሴ ማሳ ላይም እንደሚዘንብ የማታውቅ ሴት አይደለችም።

«ወለቴ፣ አትዋሺኝ። የማን ስንዴ ነው የገባው?»

ወለተሥላሴ እርጥብ ጫማዋን አወለቀች፤ አልጋው ሥር ያለውን የሳላሕዲንን ምንጣፍ ዘረጋች፤ ተቀመጠችበትም።

«የኛ» አለቻት።